ባለ 12 ባለ ሁለት አፍ፦ ጎን ለጎን ወይስ ተደራራቢ? (ጅማ ዙሪያ፣ ለጅግራና ለቆቅ)

ከሊሙ_መንገድ
ሰላም ለዚህ ቤት። ባለ 12 (የአፈሙዙ ስፋት ቁጥር ነው) ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ ምርጫ ላይ እውቀታችሁን ፈልጌ ነው። ምርጫው በሁለት መካከል ነው። አንደኛው የቤልጅግ ሥራ፣ አፈሙዞቹ ጎን ለጎን፣ ሁለት ምላጭ፣ ሰደፉ ቀጥ ያለ፣ ቀጭንና ቀላል። ሁለተኛው የሩሲያው ኢዥ-27፣ አፈሙዞቹ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረቡ፣ የእጅ መያዣው የታጠፈ፣ ከበድ ያለ። ሥራው ጅግራና ቆቅ ነው፤ በቡና ጫካ ዳርና በበቆሎ ማሳ ጠርዝ።

የፈቃዱ ጉዳይ ለብቻው በሚመለከተው ቢሮ እየታየ ነው፤ እዚህ የምጠይቀው ስለ ብረቱ ብቻ ነው። የትኛው ይሻላል? ከመወሰኔ በፊትስ ምን ምን ልፈትሽ? ዝርዝር ብትጽፉልኝ አልሰለችም።

ጠጋኝ_ሂርማታ
ወንድም፣ ጎን ለጎን ወይስ ተደራራቢ ከማለትህ በፊት የማጉረሻውን፣ ማለትም ጥይቱ የሚገባበትን የአፈሙዝ ክፍል፣ ርዝመት እይ። ከአውሮፓ የመጡ የድሮ ጎን ለጎኖች ብዙዎቹ ማጉረሻቸው 65 ሚሊ ነው። ዛሬ በብዛት የሚመረተው ጥይት ደግሞ 70 ሚሊ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ይህ ቁጥር የተተኮሰውን፣ አፉ የተዘረጋውን ቀለህ ርዝመት ነው የሚናገረው። ያልተተኮሰ ባለ 70 ጥይት አፉ ታጥፎ ስለተዘጋ ቁመቱ ወደ 58 ሚሊ ብቻ ነው። ስለዚህ 65 ማጉረሻ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ጠመንጃውም ይዘጋል፣ ምንም የሚያስጠረጥር ነገር የለም።

ችግሩ ሲተኮስ ይመጣል። የታጠፈው አፍ ሲዘረጋ ማጉረሻው አልቆ አፈሙዙ መጥበብ ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ይሰነቀራል። ውታፉ (ባሩዱንና እርሳሱን የሚለየው ድፋን) እና እርሳሱ በዚያ በጠበበ ጉሮሮ ተጨናንቀው ነው የሚያልፉት። ግፊቱ ከታሰበው በላይ ይሄዳል። ሁልጊዜ አይፈነዳም፤ ግን በእያንዳንዱ ተኩስ ማጠፊያው እየላላ፣ ሰደፉ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ እየተሰነጠቀ ይሄዳል። «አሥር ጊዜ ተኩሼበት ምንም አልሆነም» የሚል ሰው ማስረጃ አልሰጠህም።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይተህ፣ የፊት እንጨቱን አውልቀህ አፈሙዙን ንቀል። ገልብጠው። ከማጉረሻው ሥር ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ የሙከራ ቤት (አዲስ ጠመንጃ በከፍተኛ ግፊት የሚፈተንበት ተቋም) ማህተሞች ተቀጥቅጠዋል። በቤልጅግ ሥራ ላይ የሊዬዥ ሙከራ ቤት ምልክት፣ እንቁላል ቅርጽ ውስጥ ሦስት ፊደላት፣ አናቱ ላይ ዘውድ ያለው፣ ታገኛለህ። ዋናው ግን የቆመ አንበሳና ከሥሩ ሁለት ፊደላት መኖር አለመኖራቸው ነው፤ ያ ጭስ አልባ ባሩድ ለመተኮስ የተፈተነ ነው ማለት ነው። አንበሳው ከሌለ በጥቁር ባሩድ ዘመን የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ዘመናዊ ጥይት አታጉርሰው። አፈሙዙ ላይ እንደ እንጨት ጅማት የሚጠማዘዝ መስመር ካየህ ደግሞ ዳማስቆ የሚባለው ነው፤ ብረትና አረብ ብረት ተጠማዞ ተቀጥቅጦ የተሠራ። ግድግዳ ላይ ያምራል፣ ለተኩስ አይሆንም።

ኢዥ-27 ላይ 12 ሲባዛ 70 ተብሎ ስለሚጻፍ በዚያ በኩል ጭንቀት የለብህም።

ቆቅ_በማለዳ
ጠጋኝ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ማጉረሻው 70 ሆኖ ከተገኘ ግን እኔ ያለ ማመንታት ጎን ለጎኑን እላለሁ። ምክንያቱ የጅማ መሬት ነው።

ቡና ውስጥ ጅግራ ሲነሳ የምታገኘው ጊዜ በጣም ትንሽ ነው። ርቀቱም ብዙ ጊዜ 15፣ 20 ሜትር ነው፤ ከዚያ ወይ ዛፍ ይከልለዋል ወይ ርቆ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ቀላል፣ እጅ ውስጥ ሚዛኑ የተስተካከለ ጠመንጃ ነው። ጎን ለጎን ባለ 12 በአብዛኛው ከ2.9 እስከ 3.2 ኪሎ ነው፤ ተደራራቢው ከ3.2 እስከ 3.6። ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ሙሉ ጠዋት ዳገት ስትወጣ ስትወርድ ክንድህ ይነግርሃል።

ሁለተኛው አከፋፈቱ ነው። ጎን ለጎን ሁለቱም ማጉረሻዎች እኩል ከፍታ ላይ ስላሉ ትንሽ ብታጥፈው ሁለቱም ይገለጣሉ። ተደራራቢው የታችኛው አፈሙዝ ከብረት ሳጥኑ (መዶሻዎቹ ያሉበት አካል) ጠርዝ በላይ ብቅ እንዲል ብዙ መታጠፍ አለበት። የቡና ቅርንጫፍ መሃል ቆመህ አፈሙዝ ወደ ታች ለመዘርጋት ቦታ ስታጣ ይሄ ቁም ነገር ነው።

ሦስተኛውና ትልቁ ሁለት ምላጭ ነው። የፊተኛው የቀኙን አፈሙዝ ይተኩሳል፣ የኋለኛው የግራውን። ቀኙ ሰፋ ያለ ቾክ (የአፈሙዙ ጫፍ መጥበብ)፣ ግራው ጠበብ ያለ ይደረግለታል። ወፏ ከእግርህ ሥር ከተነሳች የፊተኛውን፣ ርቃ ከተነሳች ቀጥታ የኋለኛውን ትስባለህ። ምንም ቁልፍ መንካት የለም። ቀጥ ያለው ሰደፍም ለጌጥ አይደለም፤ እጅህ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ምላጭ ስትሄድ በእንጨቱ ላይ በትንሹ እንድትንሸራተት ነው የተሠራው።

ሰቃ_ሜዳ
@ቆቅ_በማለዳ አከብርሃለሁ፤ ግን ግማሹን ነው የነገርከው። የተደራራቢውን በኩል እኔ ልናገር።

ስታነጣጥር ዓይንህ የሚያየው አንድ አፈሙዝ ነው፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ መስመር። ጎን ለጎኑ ላይ የሚታይህ ከ4 ሳንቲ ሜትር የሰፋ ብረት ነው። ልማዱ ያለው ሰው ስፋቱን ራሱን ይጠቀምበታል፣ ዓይኑን ከወፏ ላይ ሳያነሳ። አዲስ ሰው ግን በተደራራቢ ቶሎ ይማራል። የኢላማ ስፖርት ላይ በሸክላ ሳህን የሚወዳደሩት ተኳሾች ጎን ለጎን ትተው ወደ ተደራራቢ የሄዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚህ ላይ ክብደቱ ጠመንጃው ኢላማውን ተከትሎ ሲዞር ያረጋጋዋል።

የግፊቱ አቅጣጫም ሌላ ነው። ተደራራቢ ላይ መጀመሪያ የሚተኮሰው ብዙ ጊዜ የታችኛው ነው። እሱ ከሰደፉ መስመር ጋር ስለሚቀራረብ ግፊቱ ቀጥታ ወደ ትከሻ ይመጣል፣ ጫፉ ብዙ አይዘልም፤ ለሁለተኛው ተኩስ ቦታህ ላይ ትገኛለህ። ጎን ለጎን ላይ የቀኙ አፈሙዝ ሲተኮስ ጫፉ ወደ ቀኝ፣ የግራው ሲተኮስ ወደ ግራ ይገፋል። ሠሪዎቹ ይህን ለማካካስ አፈሙዞቹን ወደ ጫፋቸው እያቀራረቡ ያጣብቋቸዋል። ጎበዝ ሠሪ በደንብ ያስተካክለዋል፤ ርካሽ ሥራ ላይ ግን ሁለቱ አፈሙዞች ሁለት የተለያየ ቦታ የሚመቱበት አለ። ይህን ወረቀት ላይ ሳይተኩሱ ማወቅ አይቻልም።

የእጅ ጉዳይም አለ። የጎን ለጎኑ የፊት እንጨት ቀጭን ስለሆነ ግራ እጅ አፈሙዙን ራሱን ነው የሚይዘው። ደጋግመህ ከተኮስክ ያቃጥላል፤ የቆዳ ሽፋን ያስፈልገዋል። ተደራራቢው እጅህን የሚሞላ እንጨት አለው።

ከሊሙ_መንገድ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ያልገባኝ አለ። አንድ ምላጭ ያለው ተደራራቢ ላይ ሁለተኛው ተኩስ እንዴት ይመጣል? አንዱ ጥይት ቢከሽፍስ?

ጠጋኝ_ሂርማታ
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ጠመንጃው ተበላሸ ብሎ የሚያመጣው በዚህ ነው። አንድ ምላጭ ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው በግፊት የሚሠራ ነው፦ የመጀመሪያው ተኩስ ወደ ኋላ ሲገፋ ውስጥ ያለች ክብደት ያላት ብረት ተንቀሳቅሳ ምላጩን ከሁለተኛው መዶሻ ጋር ታገናኘዋለች። የመጀመሪያው ጥይት ከከሸፈ ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ ሁለተኛው አይተኮስም። ምላጩ ልል ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ዓይነት ግፊት አይጠብቅም፤ ምላጩን ለቀህ እንደገና ስትስብ ራሱ ይቀይራል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ባዶ የልምምድ ጥይት (መርፌው መትቶ በሚያቀጣጥለው ካፕሱል ቦታ ላስቲክ ወይም ሞላ ያለው) አግባና አንዴ ሳብ። ሁለተኛው መዶሻ ለመውደቅ እንቢ ካለ፣ የሰደፉን ተረከዝ በመዳፍህ መታ አድርገውና ድገም። ከወደቀ በግፊት የሚሠራው ነው፤ ብልሽት አይደለም።

ኢዥ-27 በሁለት ምላጭም በአንድ ምላጭም ተሠርቷል። ሁለት ምላጭ ያለውን ካገኘህ ቆቅ_በማለዳ የሚያወራው ጥቅም ሁሉ እሱም ላይ አለ። ስለዚህ «ሁለት ምላጭ» እና «ጎን ለጎን» አንድ ነገር አይደሉም፤ ለይተህ አስብ።

ጥይት ሲከሽፍ ደግሞ ጠመንጃውን ቶሎ አትክፈት። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርገህ ቢያንስ 30 ሴኮንድ ጠብቅ። ዘግይቶ የሚተኮስ ጥይት አለ።

አባ_ገበያ
የጥይቱ ርዝመት ምን ያስጨንቃል፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማጉረሻውን 5 ሚሊ ማስረዘም ነው። ቀላል ሥራ ነው፤ ቶርኖ ላይ በአንድ ሰዓት ያልቃል።

ጠጋኝ_ሂርማታ
አባ ገበያ፣ በአክብሮት፣ ይህን ምክር ማንም እንዳይሠራበት እለምናለሁ። የአፈሙዙ ግድግዳ የሚሳሳው ከማጉረሻው ፊት ነው፤ 5 ሚሊ ስትቆርጥ የምትወስደው ግፊቱ ገና ከፍ ብሎ ካለበት ቦታ ነው። የሙከራ ቤቶችን ስምምነት በፈረሙ የአውሮፓ አገሮች ማጉረሻው የተለወጠ ጠመንጃ ተመልሶ ሙከራ ቤት ገብቶ ከመደበኛው በላይ በሆነ ግፊት ካልተፈተነ መሸጥ አይፈቀድም። ኢትዮጵያ የዚያ የሙከራ ቤቶች ስምምነት አባል አይደለችም፤ ስለዚህ እዚህ የተቆረጠውን አፈሙዝ የሚፈትንልህ የለም። የመጀመሪያው ፈታኝ የአንተ ግራ እጅ ነው የሚሆነው። ደግሞም አሮጌው ማህተም ስለሚቀር ቀጣዩ ሰው የተፈተነ መስሎት ይተኩሳል።

ቶርኖ ቤት ሞተር ሲሊንደር እንደሚያሰፋ ሁሉ ማጉረሻ ያሰፋል፤ ግን ጉሮሮው ወደ አፈሙዙ የሚጠብበት ዝንባሌ የራሱ መቁረጫ አለው። ያ ከሌለ ስለታም ደረጃ ይቀራል።

ከሊሙ_መንገድ
እሺ፣ ስለ መላላት እናውራ። ጎን ለጎኑ ሲዘጋ መክፈቻው (አናቱ ላይ በአውራ ጣት የሚገፋው ምላስ) ከመሃል አልፎ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ይቆማል። ምን ማለት ነው?

ጠጋኝ_ሂርማታ
ያረጀ ቁልፍ ነው። አዲስ ጠመንጃ ሲዘጋ መክፈቻው ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ነው የሚቆመው፤ የሚበላው ብረት እንዲኖረው ሆን ተብሎ። ቁልፉና አፈሙዙ ሥር ያሉት ጥርሶች እየተበሉ ሲሄዱ መክፈቻው ወደ መሃል፣ ከዚያ ወደ ግራ ይሄዳል። ግራ መቆሙ ብቻውን ሞት አይደለም፤ ግን ቀጣዩን ፈተና ግዴታ ያደርገዋል።

የፊት እንጨቱን አውልቅ። እንጨቱ ውስጥ ያለው ሞላ አፈሙዙን ወደ ኋላ ስለሚገፋ መላላቱን ይሸፍንልሃል፤ እሱን ሳያወልቅ የሚፈትሽ ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው። ከዚያ ባዶውን ጠመንጃ ዝጋ፣ ሰደፉን ብብትህ ሥር ያዝ፣ በሌላ እጅህ አፈሙዙን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ ብለህ ነቅንቅ። ጣትህን በአፈሙዙና በሳጥኑ መገናኛ ላይ አሳርፍ፤ መንቀሳቀሱን ዓይን ሳያይ ጣት ያውቀዋል።

ቀጥሎ ብርሃን ፊት ያዘው። በአፈሙዙ የኋላ ጫፍና ከፊቱ ባለው የብረት ግንብ መካከል የብርሃን ክር ከታየ ማጠፊያው ላልቷል። ካልታየም ስስ ወረቀት፣ የሲጋራ መጠቅለያ ዓይነት፣ መሃል አስገብተህ ዝጋ፤ ወረቀቱን ያዝ ካደረገው ጥሩ ነው። በነፃነት ከተሳበ ሁለት ጨምር፣ ሦስት ጨምር፤ ስንተኛው ላይ እንደያዘ ቁጠር። ያ ክፍተት በበዛ ቁጥር የካፕሱሉ ወደ ኋላ መውጣትና የመርፌው ደካማ መምታት ይከተላል።

ይህ ፈተና ለተደራራቢውም ነው። ልዩነቱ ጥገናው ላይ ነው።

ብረት_ወዳጅ
ጥገናውን እኔ ላክል፤ የአሠራር ታሪኩ ራሱ መልሱን ይሰጣል።

ዛሬ የምናየው አብዛኛው መዶሻው በውስጥ የተሸሸገ ጎን ለጎን የእንግሊዝ ጠመንጃ ሠሪዎቹ አንሰንና ዲሊ እ.ኤ.አ. በ1875 ያወጡትን አሠራር ይከተላል። አፈሙዙ ሲታጠፍ ከፊት እንጨቱ በኩል ያሉ ሁለት ክንዶች ተጭነው መዶሻዎቹን ይወጥራሉ። የክፍሉ ብዛት ጥቂት ነው፣ ጠንካራ ነው፣ የገባው ሰው ፈትቶ ይገጥመዋል። ድክመቱ እንደ ሹካ የታጠፈው ሞላ ነው፤ ከተሰበረ በቃ፣ ያ አፈሙዝ ሞቷል። ኢዥ-27ን የመሰሉ ጠመንጃዎች ጥቅል ሞላ ነው ያላቸው፤ ጥቅል ሞላ ቢሰበር እንኳ ተደጋግፎ የሚሠራበት ጊዜ አለ፣ ምትኩም በቀላሉ ይገኛል።

ተደራራቢው በብዛት መሠራት የጀመረው ዘግይቶ ነው። የአሜሪካዊው ጠመንጃ ፈልሳፊ የጆን ብራውኒንግ የመጨረሻ ሥራው ይህ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ቤልጅግ ውስጥ ሊዬዥ ሲሞት ጨርሶ አልጨረሰውም፣ ልጁ ቫል ጨርሶት በ1931 ገበያ ወጣ። በዚያ አሠራር ማጠፊያው በሳጥኑ ሙሉ ስፋት የሚሻገር ወፍራም ዘንግ ነው፣ ቁልፉም ከታችኛው አፈሙዝ ሥር ነው የሚገባው። ስለዚህ ጠንካራ ነው፣ ሳጥኑ ግን ጥልቅ ይሆናል። የጣሊያኑ ፋብሪካ ቤሬታ በሌላ መንገድ ሄደ፦ ማጠፊያው በግራና በቀኝ ሁለት አጫጭር ጉብታዎች፣ ቁልፉም በአፈሙዞቹ ግራና ቀኝ የሚገቡ ሁለት ሾጣጣ ዘንጎች። ሳጥኑ ጠፍጣፋ ሆነ፣ እጅም ወደ አፈሙዙ መስመር ቀረበ። ሲያረጅ ደግሞ ጉብታዎቹ ተነቅለው በትንሹ ወፈር ያሉ ይገቡበታል፤ ብየዳ የለም፣ ሊማ የለም።

ጎን ለጎን ላይ ማጠፊያውን ማጥበቅ ግን የእጅ ጥበብ ነው። ጥሩ ባለሙያ ዘንጉን ይለውጣል ወይም ጥርሱ ላይ ብረት ጨምሮ በሊማ ይገጥመዋል። መጥፎው በመዶሻ ቀጥቅጦ ያሰፋዋል። የተቀጠቀጠው አንድ ሳምንት ጥብቅ ነው፣ ከዚያ ከነበረው ብሶ ይላላል። ጥርሱ ላይ የጡጫ ነጥቦች ካየህ ዋጋው ስንትም ይሁን ተወው።

ቆቅ_በማለዳ
በዚህ እስማማለሁ። አንድ ፈተና ልጨምር፣ ለጎን ለጎን ይበልጥ የሚያስፈልግ። አፈሙዞቹን ነቅለህ ከሥራቸው ባለው ጥርስ በሲባጎ አንጠልጥላቸው። በጣትህ አንጓ አንኳኳ። ደወል የመሰለ፣ ረጅም ድምፅ ከሰጡ ደህና ናቸው። እንደ ተሰነጠቀ ጀበና «ደፍ» ካሉ አንድ ቦታ ስታኞው ለቋል።

ሁለቱን አፈሙዞች የሚያያይዘው የላይና የታች ብረት በስታኞ ነው የተያዘው። አንድ ጥግ ከለቀቀ ዝናብ ይገባል። ገብቶ አይወጣም። በሁለቱ አፈሙዞች መሃል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ዝገቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ይበላል። ክረምት ላይ ከሰኔ እስከ መስከረም ሳያቋርጥ በሚርስበት እንደኛ አገር ይህን የሚያክል ጠላት የለም።

ጠጋኝ_ሂርማታ
ከዚህ ጋር የሚሄድ ማስጠንቀቂያ፦ ጎን ለጎን አፈሙዝን ጥቁር ቀለም ለማስነከር በሚፈላ የኮስቲክ ሶዳ ጨው ውስጥ እንዳታስገቡ። የፈላው ጨው ስታኞውን ይበላዋል፤ ቀለሙ ያምራል፣ አፈሙዞቹ ይላቀቃሉ። በስታኞ የተያዘ አፈሙዝ በቀስታ ዝገት ዘዴ ነው የሚጠቁረው፦ እያስዛጉ፣ በውሃ እየቀቀሉ፣ በብረት ብሩሽ እየጠረጉ፣ ደጋግሞ። አዲስ የተጠቆረ አሮጌ ጎን ለጎን ስታዩ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «በምን ተጠቆረ?» ይሁን።

አፈሙዙን ከውስጥ ስታዩ በባትሪ አትዩ። ወደ መስኮት ወይም ወደ ብሩህ ሰማይ አድርጋችሁ፣ እያሽከረከራችሁ ተመልከቱ። ውስጡ ላይ የብርሃን ቀለበቶች ይታያሉ። ቀለበቱ ክብ ከሆነ ጥሩ። አንድ ቦታ ከተሰበረ ጉድጓድ አለ፤ ጥላ ያለው ሙሉ ቀለበት በመሃል ከታየ እዚያ ተነፍቷል፣ ጭቃ ወይም ውታፍ ሳለበት ተተኩሶበታል ማለት ነው። የተነፋ አፈሙዝ አይታረምም።

ሰቃ_ሜዳ
ቾኩንስ? የአንተ ቤልጅግ ሁለቱም ጠባብ ከሆነ ለ20 ሜትር ጅግራ ሥጋውን ነው የምታበላሸው።

ለሚጠቅማችሁ፦ ባለ 12 አፈሙዝ ውስጡ 18.5 ሚሊ አካባቢ ነው። ጫፉ ላይ ሩብ ሚሊ ያህል ከጠበበ ሩብ ቾክ፣ ግማሽ ሚሊ ከጠበበ ግማሽ ቾክ፣ ወደ 1 ሚሊ ከቀረበ ሙሉ ቾክ። ጣሊያኖቹ በኮከብ ይጽፉታል፤ አንድ ኮከብ ሙሉ ነው፣ ሁለት ሦስት ሩብ፣ ሦስት ግማሽ፣ አራት ሩብ። ኮከቡ በበዛ ቁጥር ሰፊ ነው፤ ሰው በግልባጩ ያነበዋል።

ማህተሙን አምኖ መቀመጥም አይገባም፤ ወረቀት ላይ ይታያል። 1 ሜትር በ1 ሜትር ወረቀት ወጥሩ፣ ከ36 ሜትር ደጋግማችሁ ሳይሆን አንዴ ተኩሱ። የእርሳስ ፍሬው በብዛት ያረፈበትን መሃል ፈልጉና ዲያሜትሩ 76 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ዙሩበት። በውስጡ ያሉትን ቀዳዳዎች ቁጠሩ። 32 ግራም የ2.7 ሚሊ ፍሬ ውስጥ ወደ 280 ይገኛል። 196 ካረፈ 70 በመቶ ነው፣ ሙሉ ቾክ። 168 ከሆነ 60 በመቶ፣ ግማሽ። 154 ከሆነ 55 በመቶ፣ ሩብ። በአንድ ወረቀት አትፍረዱ፤ ለእያንዳንዱ አፈሙዝ ቢያንስ ሦስት ወረቀት። በዚያው የሁለቱ አፈሙዞች መሃል አንድ ቦታ መሆኑን ታያላችሁ፤ ከላይ ያልኩት የጎን ለጎን አባዜ እዚህ ይጋለጣል።

ለቡና ጫካ ሩብና ግማሽ ይበቃል። ለበቆሎ ማሳ ጠርዝ፣ ወፉ ርቆ ለሚነሳበት፣ ግማሽና ሙሉ።

ብረት_ወዳጅ
ስለ ትከሻና ጉንጭ ማንም አላነሳም። ሁለቱም ዓይነት ካልገጠመህ አይመታም። ባዶነቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጠህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ወደ ትከሻህ አምጣው፣ ከዚያ ዓይንህን ግለጥ። ዓይንህ የላይኛውን ብረት በትክክል መሃሉን ካየ ሰደፉ ያንተ ነው። የመሃሉን መክፈቻ ብቻ ካየህ ሰደፉ ዝቅ ይላል፣ ወደ ታች ትተኩሳለህ። ብረቱ እንደ መንገድ ወደ ላይ ተዘርግቶ ከታየህ ከፍ ይላል። ከፊተኛው ምላጭ እስከ ሰደፉ መጨረሻ መሃል 36 ወይም 37 ሳንቲ ሜትር ለመካከለኛ ቁመት ሰው የተለመደ ነው። ለአጭር ሰው ሰደፍ መቁረጥ ይቻላል፣ ግን አትቸኩል፤ የተቆረጠ እንጨት አይመለስም።

እንግዳ_ከጌራ
ባለ 20 (ቀጠን ያለው) ጥይት ባለ 12 ውስጥ ቢገባ ምን ይሆናል? ቤት ውስጥ ሁለቱም ጥይት ካለ ብዬ ነው።

ጠጋኝ_ሂርማታ
እባክህን ሁለቱን በአንድ ዝናር አታስቀምጥ። ባለ 20 ጥይት ባለ 12 ማጉረሻ ውስጥ ሲገባ ከኋላ አይቆምም፤ ተንሸራትቶ ጉሮሮው ላይ ይቀረቀራል። ከኋላ ስታይ አፈሙዙ ባዶ ይመስላል። «ረሳሁ» ብለህ ባለ 12 ብታጎርስ ይገባል፣ ይዘጋል። ስትተኩስ አፈሙዙ ልክ ግራ እጅህ በሚይዝበት ቦታ ይፈነዳል። ፋብሪካዎች ባለ 20 ቀለህን ቢጫ የሚያደርጉት ለዚህ ብቻ ነው። ከማጉረስህ በፊት አፈሙዙን በብርሃን አይተህ አጉርስ፣ ሁልጊዜ።

ሴፍቲውንም አትመነው። በአብዛኛዎቹ ላይ የሚይዘው ምላጩን ብቻ ነው፤ መዶሻው ተወጥሮ ነው የሚቆየው። ጠንካራ ምት ሲያርፍበት ሊለቀው ይችላል። አጥር ስትዘል፣ ወንዝ ስትሻገር፣ ቡና መሃል ስታጎነብስ ጠመንጃው ታጥፎ ጥይቱ ወጥቶ ይሁን። የባለ ሁለት አፍ ትልቁ ጸጋ ይሄ ነው፤ ታጥፎ ሲታይ ባዶነቱ ለሌላውም ሰው ከሩቅ ይታያል።

ቆቅ_በማለዳ
ስለ ክረምት አያያዝ ልጨምር። ከዝናብ ስትገባ ሦስቱንም ክፍል ለያይ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረግ፣ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ሳትሸፍን ተወው፣ ከዚያ በስሱ ዘይት ቀባ። ማጠፊያው ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ግሪስ ትበቃለች። መርፌው ቤት ውስጥ ግሪስ አታስገባ፤ ሲጠጥር መርፌው ይንቀራፈፍና ጥይት ይከሽፋል። የቆዳ ሽፋን ውስጥ አታስቀምጥ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ቆሞ የሚቀመጥ ከሆነ ጫፉ ወደ ታች ይሁን። ጫፉ ወደ ላይ ከሆነ ዘይቱ ወርዶ የሰደፉን አንገት እንጨት ያልመዋል፤ እንጨቱ ሲለሰልስ ብረቱ እየተገፋ ይሰነጥቀዋል።

ሕጉንም ለሌላ አንባቢ፦ መያዝና ማስጠገን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይገዛል፤ አደኑ ለብቻው የዱር እንስሳት ሕግ አለበት። የጠመንጃ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም።

ከሊሙ_መንገድ
ሁሉንም ፈተሽኩ። ጎን ለጎኑ፦ አንበሳው አለ። ድምፁ ደወል ነው። ወረቀት ሁለተኛው ላይ ይዟል። ቀኙ ግማሽ፣ ግራው ሙሉ ቾክ። የማጉረሻው ርዝመት ማህተም ላይ አይነበብም፤ የብረት ማስመሪያ በግድግዳው አስጠግቼ ሳስገባ ደረጃው የሚሰማው 65 ላይ ነው። ኢዥ-27፦ ሁለት ምላጭ፣ መክፈቻው ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ፣ አንድ ወረቀት ይይዛል፣ የውስጥ ቀለበቶቹ ሙሉ ናቸው፣ ታችኛው ግማሽ ላይኛው ሙሉ።

ጠጋኝ_ሂርማታ
እንግዲህ ተመለሰ። ቤልጅጉ ጤነኛ ነው፣ ግን 65 ሚሊ ጥይት ብቻ ነው የሚበላው። ቀለሁ ላይ 65 ተብሎ የተጻፈ ጥይት በማያቋርጥ ሁኔታ የምታገኝበት ሕጋዊ ምንጭ ካለህ ውሰደው፤ ለቡና ጫካ ከእሱ የሚሻል የለም። ከሌለህ ኢዥ-27ቱን ውሰድ። ሁለት ምላጭ አለው፣ ስለዚህ ለቅርብ የታችኛውን፣ ለሩቅ የላይኛውን ትመርጣለህ። የምትተኩሰው 70 ሚሊ፣ 28 ወይም 32 ግራም ተራ ጥይት ይሁን፤ 76 ሚሊውን ለእሱም አትስጠው።

ቆቅ_በማለዳ
ጎን ለጎን እወዳለሁ፣ ግን 70 ጥይት ብቻ በሚገኝበት ቦታ ባለ 65 ያዝ አልልህም። ኢዥ-27ቱን ውሰድ፤ ታችኛውን ለጫካ ትጠቀማለህ።

ከሊሙ_መንገድ
የ65 ምንጭ የለኝም። ተደራራቢው ነው።